ኬካችን የሀገሩን መዓዛ ይያዝ

በአርሲ ደጋ ከተሞች የሚሸጠው ኬክ ሁሉ መዓዛው አንድ ሆኗል። አሰላ ግዙት፣ በቆጂ ግዙት፣ ጎበሳ ግዙት፤ ሳጥኑ ሲከፈት አፍንጫችሁን የሚቀበለው ያው ከትንሽ ጠርሙስ የፈሰሰ የቫኒላ፣ የእንጆሪ ወይም የሙዝ ሽታ ነው። ልጆች የሚልሱት ጀላቲም፣ ከረሜላውም፣ ባለቀለሙ ጣፋጭ መጠጥም ከዚያው ጠርሙስ ይቀዳል። ቅቤና ማር፣ ገብስና ወተት የሞላበት አገር ልደቱን፣ ምርቃቱንና ሠርጉን የሚያከብርበት ጣፋጭ የራሱ ሽታ የለውም። ይህ ያስቆጨኛል።

ጠርሙሱን ለማውገዝ አልተነሣሁም። ኬክ ሠሪዎቻችን «ፍሌቨር» ወይም «ኢሰንስ» የሚሉት ንጥር የጣዕም ዘይት፣ ለሚያውቅበት ሰው ጥሩ ረዳት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ዕውቀቱ ነው። መዓዛን ከቅጠልና ከፍሬ አውጥቶ፣ በስብ ይዞ፣ በልክ ወደ ምግብ ማግባት ለአርሲ ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ያ ዕውቀት ግን ወጥ ቤት ቀርቷል፤ ኬክ ቤት አልገባም። ጠርሙሱን ያለ ልክ የምናፈስሰውም፣ የገዛ ቅመማችንን ከጣፋጭ ያራቅነውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን እንወቅ። ቅጠል፣ ልጣጭ፣ ዘርና አበባ መዓዛቸውን የሚሸከሙት በውስጣቸው ባለች ጥቂት ዘይት ነው። ዘይቱን ለማውጣት ብዙ ጊዜ የፈላ ውሃ እንፋሎት በተክሉ መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል። እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ቧንቧ ሲያልፍ ወደ ፈሳሽ ይመለሳል፤ ዘይቱ ከውሃው ተለይቶ ይንሳፈፋል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው መንገዱ አይጠፋውም። የብርቱካንና የሎሚ ዘይት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጣጩን በመጭመቅ ይገኛል። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 ኪሎ በላይ አበባ ይፈጃል። ከዚህ ዓይነት ጠርሙስ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ስንት እፍኝ አበባ እንደያዘች አስቡት።

ስለዚህ ልኩ ጠብታ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ይሆናል፤ 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሻይ ማንኪያ ደግሞ ወደ 100 ጠብታ። «እስኪ ትንሽ ልጨምርበት» ብሎ ጠርሙሱን ያዘነበለ ሰው ሳያውቀው አሥርና ሃያ ጠብታ አፍስሷል። በገበያ ላይ ያሉት ጠርሙሶችም እኩል አይደሉም። አንዱ በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ የተበረዘ ስለሆነ በሻይ ማንኪያ ቢለካ ያስኬዳል። ሌላው ንጥር ዘይት ነው፤ ከተበረዘው ብዙ እጥፍ ይበረታል። መጠናቸው አንድ፣ ሥዕላቸው አንድ ስለሆነ ብቻ አንዱን በሌላው ልክ የሚጠቀም ሰው ኬኩ መራራ ይሆንበታል፤ መጠጡ ምላስ ያቃጥላል። መራራነቱን ለመሸፈን ስኳር ይጨምራል፤ ስኳሩ ሲበዛ ደግሞ ሽታው የጠፋ ይመስለዋልና እንደገና ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል።

በጠርሙሱ ላይ «ቫኒላ» ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከቫኒላ ተክል የመጣ አይደለም። ቫኒላ የሜክሲኮ ሐረግ ነው። ከትውልድ አገሩ ውጭ ሲተከል በእጅ ካላዳቀሉት ፍሬ አይሰጥም። ማዳቀያውን ቀላል ዘዴ በ1841 በሬዩኒዮን ደሴት ለዓለም ያሳየው ኤድሞንድ አልቢዩስ የተባለ በባርነት የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ማዳጋስካርን የቫኒላ አገር ያደረጋት የዚያ ልጅ ጣት ነው። በ1874 ደግሞ ፈርዲናንድ ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን የተባሉ ጀርመናውያን ኬሚስቶች የቫኒላን ዋና ሽታ ሰጪ፣ ቫኒሊንን፣ ከጥድ እንጨት ከሚገኝ ንጥረ ነገር ሠሩ። ዛሬ በዓለም ከሚበላው የቫኒላ ጣዕም ከእውነተኛው ፍሬ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው በአብዛኛው ከነዳጅ ተረፈ ምርት በፋብሪካ ይሠራል።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራ አይደለም። በፋብሪካ የተሠራው ቫኒሊን በፍሬው ውስጥ ካለው ቫኒሊን ጋር አንድ ነው፤ በልክ ከገባ ጉዳት የለውም። ልዩነቱ ፍሬው ከቫኒሊን ሌላ በመቶ የሚቆጠሩ ረቂቅ የመዓዛ ንጥረ ነገሮችን መያዙ ነው። የጠርሙሱ መዓዛ ደፋርና አንድ ወጥ የሆነው፣ የፍሬው ደግሞ ለስላሳና ብዙ ገጽታ ያለው በዚህ ነው።

በአንጻሩ «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃልም ዋስትና አይደለም። ኩማሪን የተባለው ጣፋጭ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ከተክል የሚገኝ ነው፤ ጉበት እንደሚጎዳ ስለታየ አሜሪካ በ1954 ወደ ምግብ እንዳይጨመር ከለከለች። ሳሳፍራስ ከተባለ ዛፍ ሥር የሚወጣውና ለስላሳ መጠጥ ያጣፍጥ የነበረው ሳፍሮልም በ1960 ታገደ። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ የዊንተርግሪን ዘይት ነው። ሽታው ሯጮቻችን ጡንቻቸውን ከሚያሹበት ቅባት ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ውስጥ ያለው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው። ከረሜላና ማስቲካ ውስጥ በጣም በጥቂቱ ይገባል። ንጥሩ ዘይት ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ከ20 በላይ የአዋቂ አስፕሪን ክኒን ያህል ጉልበት አለው፤ ሕፃን ቢጠጣው ሊሞት ይችላል። የጣዕም ዘይት በመደርደሪያ ላይ ከስኳርና ከዱቄት ጋር አይቀመጥም፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቆለፍበታል። ለፀጉርና ለገላ ተብሎ የሚሸጥ የሮዝመሪ ወይም የሌላ ተክል ዘይትም «ያው ተክል ነው» ተብሎ ኬክ ውስጥ አይገባም፤ ለመብል ተብሎ አልተዘጋጀምና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዘይትና ውሃ አይስማሙም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ መጠጥ ሲሠራ ግን ይረሳል። አንድ ጀሪካን የሎሚ መጠጥ ላይ የሎሚ ዘይት ብታንጠባጥቡበት ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የሚቀዳለት ሰው ከንፈሩ ይቃጠላል፤ መጨረሻ የሚቀዳለት ስኳር ውሃ ይጠጣል። ፋብሪካዎች ይህን ችግር ለመፍታት ለብዙ ዘመን ከተጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ብሮሚን የተጨመረበት የአትክልት ዘይት ነበር። አውሮፓ ቀደም ብሎ ከልክሎታል፤ አሜሪካም በጤና ምክንያት በ2024 ፈቃዱን ሰርዛለች። ለዚሁ ሥራ የሚያገለግለው ሌላው ነገር ደግሞ ከእኛው ቆላ የሚገኝ የግራር ሙጫ ነው። ሙጫው የዘይቱን ጠብታ በጣም አድቅቆ በውሃው ውስጥ ተበትኖ እንዲቆይ ያደርገዋል። ኢትዮጵያ ይህን ሙጫ ለውጭ ገበያ ታቀርባለች፤ ጣዕም ተሸክሞ በጠርሙስ ሲመለስ መልሰን እንገዛዋለን።

ቤት ውስጥ መጠጥ የሚሠራ ሰው ግን ፋብሪካ አያስፈልገውም። ጠብታዋን አስቀድሞ ከስኳር ጋር አሽቶ፣ ወይም ወፍራም የማር ብርዝ ውስጥ ደህና አድርጎ መትቶ፣ ከዚያ በውሃ ማቅጠን ነው። ከዚህም የሚሻል አለ። የብርቱካኑን ወይም የሎሚውን ልጣጭ ቢጫውን ብቻ በስሱ ልጦ፣ በስኳር አሽቶ፣ ጥቂት ሰዓት አስቀምጦ ሎሚውን መጭመቅ። ስኳሩ ከልጣጩ ዘይቱን ይስባል። ገበያ ላይ የምንጥለው ልጣጭ ውስጥ ያለው ዘይት ጠርሙሱ ውስጥ ካለው የሎሚ ዘይት ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ከረሜላ የሚሠሩ ወጣቶች ደግሞ የሚሰናከሉበት ሌላ ነገር አለ፤ ከፍታው። የውጭ መመሪያ ለደረቅ ከረሜላ ሽሮፑ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይፍላ ይላል። ያ የባሕር ዳርቻ ልክ ነው። ወደ ላይ በወጣን በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮፑም በዚያው መጠን ቀደም ብሎ፣ በ142 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። 150ን የሚጠብቅ ሰው ስኳሩ ይቃጠልበታል፤ ከዚያ የተቃጠለውን ሽታ ለመሸፈን ፍሌቨር ያበዛል። ቴርሞሜትር የሌለው ደግሞ ጥቂት ሽሮፕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያንጠባጥብ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። የጣዕም ዘይቱ የሚገባው ድስቱ ከእሳት ከወረደና መንተክተኩ ካቆመ በኋላ ነው፤ ሲፈላ የገባ ዘይት ግማሹ በእንፋሎት ይበናል። ሲገባም ፊትን ዘወር ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሚወጣው እንፋሎት ዓይንና አፍንጫ ይለበልባል።

ቸኮሌት ለሚያቀልጥ ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጥቂት ውሃ ወይም በውሃ የተበረዘ ኢሰንስ ከነካው ቸኮሌቱ ይጓጉላል፤ እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ዘይት ብቻ ነው። የጣዕም ዘይቱም በጠቆረ የመስታወት ጠርሙስ ይቀመጥ። የብርቱካንና የሎሚ ዘይት አንዳንድ ፕላስቲክ ይበላል፤ የስታይሮፎም ኩባያ ላይ ቢንጠባጠብ ይበሳዋል።

ይህ ሁሉ ስብ መዓዛን ይወዳል፣ ውሃ ይገፋዋል፣ እሳት ያበንነዋል የሚል ነው። ይህን ሕግ ደግሞ ጎበሳ ላይ ከጭኮ የተሻለ የሚያስተምር የለም። ገብሱ ይሸከሸካል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ቅቤው ከኮረሪማው፣ ከአዝሙዱ፣ ከኮሰረቱ ጋር በዝግታ ይነጠራል። ቅቤው ሲግል ከቅመሙ ውስጥ መዓዛማውን ዘይት ይስባል፤ ገለባው ተጠልሎ ይወጣል፤ ዘይቱ በቅቤው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ዱቄቱ በቅቤው ይታሻል፤ ውሃ አይነካውም። ስለዚህ ጭኮ ሳምንታት ቆይቶም መዓዛው አይለቀውም። ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለአራስ ብርታት፣ ለእንግዳ ክብር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተነጠረ ቅቤ ማለት ራሱ በስብ የተያዘ የጣዕም ዘይት ነው። የነጣሪዋ እጅ እሳቱን ዝቅ የሚያደርገው መዓዛው እንዳይበን ነው። ኮሰረቱን የምትቆጥበው ሲበዛ እንደሚመርር ስለምታውቅ ነው።

ይህ ዕውቀት በቅቤ ብቻ አያበቃም። የቡና ፍሬ በቅቤ ተቆልቶ የሚቀርበውን ቡና ቀላን የአርሲ ሰው ያውቀዋል። የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ በወተቱ ውስጥ ያለው ስብ ጢሱን ይይዘዋል፤ እርጎው ሲጠጣ ወይራ ወይራ ይላል። ቡና ላይ የጤና አዳም ዘለላ ጣል ሲደረግ እፍኝ አይደረግም፤ አንዲት ቅርንጫፍ ነች። በአርሲ ቤት በዝናብ ቀን የሚቀርብ ሻይ ቅርንፉዱ ስንት ፍሬ እንደሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል። ልክን የሚያውቅ ሕዝብ ነን።

ታዲያ ይህ ልክ ኬክ ቤት ለምን አልገባም? ጎበሳ ላይ አንዲት ኬክ ሠሪ ይህን ባነሣሁላት ጊዜ፣ «እርስዎ የሚሉት ኮረሪማ እኮ የወጥ ነው፤ ደንበኛዬ ወጥ ወጥ የሚል ኬክ አይገዛም» አለችኝ። ሐሳቧ ተገቢ ነው፤ ከልማድ ጋር መጣላት ለነጋዴ ከባድ ነው። መልሴ ግን እዚሁ አሰላ ይጀምራል። በ1967 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች ካዱ በሚለው ስሙ የሚያውቁት፣ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ሲቋቋም ብዙ ስዊድናውያን በመካከላችን ኖረዋል። የእነዚያ ሰዎች አገር ጣፋጭ ዳቦ ሽታው ሄል ነው። ሄል በስዊድን ምድር አይበቅልም፤ ከሐሩር አገር በመርከብ ተጭኖ ነው የሚደርሳቸው። ያልበቀለባቸውን ቅመም ወስደው የቡና ሰዓታቸው፣ የበዓላቸው መዓዛ አደረጉት። ኮረሪማ የሄል ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የዝንጅብል ወገን ናቸው። ትውልዱ ደግሞ የእኛው ደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ስዊድናዊው በባዕድ ቅመም ዳቦውን ካጣፈጠ፣ እኛ በገዛ ቅመማችን ኬክ ብንጋግር ምን ነውር አለው?

«ወጥ ወጥ» እንዲል የሚያደርገው ኮረሪማው አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ነው። ለኬክ የሚሆን ቅቤ ለብቻው ይነጠር። ለ250 ግራም ለጋ ቅቤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈለፈለ፣ ሸካራ የተወቀጠ ኮረሪማ ጥሩ መነሻ ነው። ክዳን ተደርጎበት በዝቅተኛ እሳት ይሙቅ፤ ይጠለል፤ ሲረጋ በስኳር ተመትቶ ለኬኩ ይዋል። ይህን ስፖንጅ በማር የቀመሰ ሰው ቫኒላውን አይናፍቅም። ኮሰረት ለብስኩት ይስማማል፤ ዋናው መዓዛ ሰጪው ሊናሎል የተባለ የአበባ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ስለሆነ ከስኳር ጋር ሲገናኝ የምናውቀውን የቅቤ ጠረን ትቶ አበባ አበባ ይላል። በአገራችን ደጋ ብቻ የሚበቅለው የሀበሻ ጦስኝ ከማርና ከሎሚ ጋር ሽሮፕ ሆኖ ጀላቲ ውስጥ ቢገባ ከረሜላ ከሚመስል ቀይ ውሃ ይልቅ ለልጅ ይሻላል። ጠጅ ሣር ውስጥ ያለው ሲትራል የሎሚ ሽታ የሚሰጠው ያው ንጥረ ነገር ስለሆነ ለመጠጥ የሎሚ ፍሌቨርን ቦታ ያለ ጭንቀት ይይዛል። የተቆላ የገብስ ዱቄት ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገር ኬክ ደግሞ የአርሲን ስም ይዞ አዲስ አበባ መሸጥ የሚችል ነገር ነው።

በጾም ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የጾም ኬክ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ስለማይገባበት ጣዕሙ ሁሉ በፍሌቨር ላይ ይወድቃል፤ ጠርሙሱ ከመጠን በላይ የሚፈስሰውም እዚያ ነው። ስብ የሚባለው ግን ቅቤ ብቻ አይደለም። ንጹሕ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ኮረሪማና ቀረፋ ተጨምሮበት ለብ ተደርጎ ቢያድር ቅቤው የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ለጾመኛ የሚሸጥ ኬክ የቅመም መዓዛ ሊነፈገው አይገባም።

በሌላ በኩል የአርሲ ሕዝብ ትልቁ ክፍል ሙስሊም ነው። የቫኒላ ኢሰንስ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በአልኮል ነው፤ በአሜሪካ ደንብ «የቫኒላ ኤክስትራክት» ለመባል ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል። ለልጁ የዒድ ኬክ የሚያዝዝ አባት በውስጡ ምን እንዳለ የማወቅ መብት አለው። ለፍልሰታ ጾም ብስኩት የምትገዛ እናትም እንዲሁ። በቅቤና በዘይት የተያዘ የቅመም መዓዛ አልኮል የለውም፤ የተነጠረው ደግሞ ደንበኛው ፊት ነው። የሁለቱንም እምነት ሰው በእኩል የሚያስተናግድ ኬክ ቤት ለመክፈት ከዚህ የቀለለ መንገድ አይታየኝም።

ምልክት የሌለውን ጠርሙስ መታገሥ ማቆም አለብን። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን የመቆጣጠር ሥልጣን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ቁጥጥሩ ግን በአዲስ አበባ መጋዘን ቢቆም አይበቃም። ከትልቅ ጀሪካን ወደ ትንሽ ብልቃጥ ተገልብጦ፣ ስሙ በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ አምራቹም የአገልግሎት ጊዜውም ሳይታወቅ በገበያ ቀን የሚሸጥ ፍሌቨር አለ። የወረዳ ጤና ባለሙያዎች ሥጋና ወተት እንደሚያዩ ይህንንም ይዩ። ኬክ ሠሪውም ምልክት የሌለውን አልገዛም ይበል። በጠርሙሱ ላይ ለምግብ የሚሆን መሆኑ፣ ንጥር ዘይት ይሁን የተበረዘ፣ በምን እንደተበረዘ፣ ለአንድ ኪሎ ስንት እንደሚገባ ካልተጻፈ ለሰው ልጅ አፍ አይሆንም።

ወደ ትልቁ ጉዳይ ልለፍ። አርሲ አንድን ሰብል ይዞ እስከ ፋብሪካ መድረስ ያውቅበታል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የገበሬውን ገብስ ከማሳ ተቀብሎ ለቢራ ፋብሪካዎች የሚሆን ብቅል ያደርጋል። የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ለስንዴና ለገብስ የሠራው ሥራ በመላ አገሪቱ ማሳ ላይ ይታያል። መዓዛማ ዕፅዋትን በተመለከተም ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም፤ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ሲሠራ የኖረ ነው። ጠጅ ሣር፣ ሮዝመሪና የናና ዓይነቶች እንዴት እንደሚተከሉ፣ ዘይታቸው እንዴት እንደሚወጣ እዚያ ይታወቃል። በባሌና በአርሲ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላልና አብሽ የሚዘራበት መሬት አለ። ከዚህ ሁሉ ወደ ጎበሳ ኬክ ቤት የሚደርስ ጠርሙስ ግን የለም። ገበሬው አዝሙዱን በኩንታል ሸጦ ሲያበቃ ልጁ ለልደቱ ከውጭ የመጣ ሽታ ይገዛል።

የአርሲ ዩኒቨርሲቲ በ2014 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተቋቁሟል፤ የግብርና ትምህርቱ አሰላ ላይ ነው። እዚያ ያሉ መምህራንና ተማሪዎች በአንድ ቀላል ሥራ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል፤ ለኬክ፣ ለከረሜላና ለመጠጥ የሚሆን የኮረሪማ፣ የጦስኝና የጠጅ ሣር ዘይት አሠራር፣ ልኩና ደህንነቱ ተመርምሮ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ትንሽ የእንፋሎት ማውጫ አንድ የወጣቶች ማኅበር ሊይዘው የሚችል ነገር ነው። ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጦስኝ ከተራራው ከነሥሩ እየተነቀለ ለገበያ ከወረደ በጥቂት ዓመት ይጠፋል። የጭላሎንና የካካን ተራሮች አራቁተን የምናወጣው ዘይት በረከት የለውም። ማሳ ላይ የተተከለ፣ ከላይ ብቻ የታጨደ ጦስኝ ይሁን።

«ጠርሙሱ ርካሽ ነው» የሚለው ክርክር ይቀርብልኛል። እውነት ነው፤ ቫኒሊን ርካሽ ነው፤ እንዲያገለግል የተሠራውም ለዚሁ ነው። አንድ የኮረሪማ ራስ ግን ስንት ኬክ እንደሚያጣፍጥ ወቅጣችሁ ሞክሩት። ቅቤው ለማንኛውም ይገዛል፤ ቅመሙ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው። ዋጋው ያለው በድካሙ ነው፤ ማንጠር፣ መጠበቅ፣ ማጥለል። ያ ድካም ግን ጎበሳ ላይ ለሚኖር ሰው የሥራ ዕድል ነው፤ ለደንበኛው ደግሞ ሌላ ቦታ የማያገኘው ጣዕም።

ቫኒላ የምትወዱ ቫኒላችሁን አትተዉ። በጠብታ ለኩት፣ ምልክቱን አንብቡት፣ ከልጅ አርቁት። ከእርሱ ጎን ግን ለአርሲ ቅመም አንድ ቦታ ስጡ። ኬክ ቤት ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ በሳምንት አንድ ቀን በኮረሪማ ቅቤ የተሠራ ኬክ መስኮታችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ስሙንም ጻፉበት። ለበዓል ኬክ የምታዝዙ ወገኖች ደግሞ፣ «ጣዕሙ ከምንድን ነው? የአገራችን ቅመም የገባበት አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂ ካለ ሠሪ አይጠፋም።